ሦስት ካሴት፣ ስድስት ገጽ፦ የ1978 የስፕሪንግስቲን ምሽት ከክር ወደ ፋይል

ሥራው ይህ ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን ከኢ ስትሪት ባንድ ጋር በ1978 አሜሪካን ሲዞር፣ ከተመልካች መሀል የተቀመጠ ሰው በእጅ ቴፕ የቀዳው አንድ ኮንሰርት፤ ሦስት ባለ 90 ካሴት፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ የሚይዝ ሁለት ገጽ ያለው። ካሴቶቹ በውሰት የመጡ ናቸው። ወደ ኮምፒውተር የማስገባቱ ሥራ አውሮፓ ይሠራል፣ ፍጥነት መለካቱንና ዘፈን መለየቱን አሜሪካ ያሉት የአድናቂ ቡድናችን አባላት ይዘውታል። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ያ ጉዞ ሜይ 23 ቀን ቡፋሎ ተጀምሮ ጃንዋሪ 1 ቀን 1979 ክሊቭላንድ አጠገብ አለቀ። ከዚያ ሁሉ ምሽት በሬዲዮ ተላልፈው የታወቁት አምስት ናቸው፦ ሎስ አንጀለስ ሮክሲ (ጁላይ 7)፣ ክሊቭላንድ አጎራ (ኦገስት 9)፣ ፓሴይክ ካፒቶል ቲያትር (ሴፕቴምበር 19)፣ አትላንታ ፎክስ ቲያትር (ሴፕቴምበር 30)፣ ሳን ፍራንሲስኮ ዊንተርላንድ (ዲሴምበር 15)። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ምሽት መስማት የሚፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የተመልካች ካሴት ነው።

ከመጀመራችን በፊት የቡድኑ ደንብ፦ አይሸጥም። ዘፋኙ ራሱ በይፋ የሚሸጠው ምሽትም አይታደልም። ከ2014 ጀምሮ የቆዩ ኮንሰርቶቹን በይፋ እያወጣ ነው፣ አጎራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ካሴት ላይ ጊዜ ከማጥፋት በፊት ዝርዝሩን ማየት ግድ ነው። በ1979 ስፕሪንግስቲንና የሸክላ ኩባንያው ሲቢኤስ ፍርድ ቤት የሄዱት ኮንሰርቶቹን በሸክላ አትመው በሚሸጡ ላይ ነበር። በአድናቂዎች ዘንድ መለዋወጥና መሸጥ ለየቅል የሆኑት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው፤ በሕግ ፊት ግን መስመሩ ያን ያህል የጠራ አይደለም።

ካሴቶቹ ደረሱ

ሦስቱም ቲዲኬ ኤስኤ 90። ወረቀቱ ላይ የዘፋኙ ስም፣ “78” እና የገጽ ቁጥር ብቻ። ቀኑ የለም፣ ከተማውም የለም። ሽፋኑ፣ ወረቀቱና ካሴቱ ከፊትም ከኋላም ፎቶ ተነሡ፤ የእጅ ጽሕፈቱ በኋላ የትኛው ካሴት ከማን እጅ እንደወጣ ለማመሳከር ይጠቅማል።

ቶሎ ቴፕ ውስጥ አስገብቶ መጫወት አያዋጣም። ከብርድ የመጣ ካሴት አንድ ቀን ሙሉ በክፍሉ ሙቀት ይቀመጥ። ከዚያ ሦስት ነገር ይታያል፦ ክሩን ሄዱ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበው ክፍል) ላይ የምትጫነው ትንሿ ጨርቅ አለች ወይ? ክሩና ነጩ መነሻ የተያያዙበት ቦታ ይዟል ወይ? ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አለ ወይ? ሻጋታ ካለ የሌሎቹን ካሴቶች ዴክ (ማጫወቻ) ውስጥ አይገባም፤ ብናኙ ወደ ሁሉም ይዛመታል።

አንደኛውና ሁለተኛው ደህና ናቸው። የሦስተኛው ጨርቅ ወድቃለች፤ ከኋላዋ ያለው የመዳብ ሞላ ባዶውን ቀርቷል። በዚህ ሁኔታ ቢጫወት ድምፁ እየራቀ እየቀረበ፣ ቀጭኑ ድምፅ እየጠፋ ነው የሚወጣው፤ ሞላውም ክሩን ይፍቃል።

ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ከመቀዳቱ በፊት አንዴ እስከ ጫፍ ሄዶ ቢመለስ ጥቅልሉ ይላላል፣ እኩልም ይወጠራል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ግን በሞተር አናደርግም፤ የደረቀው ማጣበቂያ የሚለቀው ቴፑ በሙሉ ኃይሉ እየጠነጠነ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ቢክ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ከትቶ በእጅ ማዞር ይበቃል።

የካሴት ቁጥር 3 ቀዶ ሕክምና

ቅርፊቱ በአምስት ብሎን የታሰረ ነው፣ ይህ ዕድል ነው። በማጣበቂያ የታሸገ ቢሆን ኖሮ በስለት መስመሩን ተከትሎ መሰንጠቅ ይመጣ ነበር።

ባለ ብሎን ሌላ ባዶ ካሴት ተገዛ፤ እሱ ለጋሽ ነው። በትንሿ ካቻቢቴ ሁለቱም ተፈቱ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ፣ ካሴቱ ጠፍጣፋ ይተኛ፣ የላይኛው ቅርፊት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣ። ዘንበል ካለ ጥቅልሉ ከመሀሉ ይወርድና የ135 ሜትር ክር ጥልፍልፍ ይሆናል። የ90 ደቂቃ ክር ውፍረት 12 ማይክሮን ያህል ብቻ ስለሆነ አንዴ ከተጨማደደ አይመለስም። ጥቅልሉን በጣት ሳይሆን ከመሀሉ ቀለበት ይዞ አንሥቶ ወደ ለጋሹ ቅርፊት ማዛወር ነው።

በለጋሹ ውስጥ የሚቀሩት፦ ሁለቱ የማዕዘን ሮለሮች ከነመርፌያቸው፣ ከላይና ከታች ያሉት የሚያንሸራትቱ ቀጫጭን ወረቀቶች፣ ሞላውና ጨርቋ፣ ከኋላዋ ያለችው የብረት ሳህን። ወረቀቶቹን መርሳት የተለመደ ነው፤ ያለ እነሱ ክሩ ቅርፊቱን እየታከከ ይንጫጫል፣ ፍጥነቱም ይንቀጠቀጣል። ብሎኖቹ ተራ በተራ ቀለል ተደርገው ይታሰሩ፤ ከጠበቁ ቅርፊቱ ይጣመምና ጥቅልሉ ይያዛል።

የመነሻው መያያዣ ደርቆ ስለነበር በካሴት ስፋት በተቆረጠ የመቀጠያ ቴፕ (3.81 ሚሊ ሜትር) ተተካ። የሚለጠፈው በክሩ ጀርባ በኩል ነው፤ ሄዱን በሚነካው ፊት አይደለም። ስኮችም ኩቴክስም እዚህ አይገቡም። ስኮች በሙቀት ማጣበቂያው ተርፎ ይወጣና ቀጣዩን ዙር ክር ያጣብቃል፤ ኩቴክስ ደርቆ ሄዱን ይቧጭራል። ቤት ውስጥ የተቀጠለ የድሮ የሀገር ቤት ካሴት የሚያስተላልፍ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

ዴኩ

ባለ ሦስት ሄድ፣ ቺንጋው የተቀየረ። ሄዱና የብረት ዘንጉ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጆሮ ጥጥ፤ የላስቲኩ ሮለር በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት የዕቃ ሳሙና፣ ምክንያቱም አልኮል ሲደጋገም ላስቲክ ያደርቃል። ጥጡ ቡናማ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ። ከእያንዳንዱ ገጽ በኋላ ይደገማል።

አሁን የሄዱ ዝንባሌ። ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ብዙ ድምፅም የሚጠፋው እዚህ ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው፤ 10,000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ክሩ ላይ የሚይዘው ርዝመት 4.76 ማይክሮን ብቻ ነው ማለት ነው። የእኛ ሄድ ከቀዳው ሄድ ጋር በጥቂቱ እንኳ ካልገጠመ፣ የክሩ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ በተለያየ ቅጽበት ይነበባሉና ቀጭኑ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሲምባሉ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚሰማው ክሩ ስላረጀ የሚመስላቸው አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የብሎኑ ነው።

አሠራሩ፦ ግራና ቀኙ ወደ አንድ ይደመር (ሞኖ)። የባንዱ ከበሮ መቺ ማክስ ዋይንበርግ ሃይ ሃት (ጥንድ ሲምባል) የሚመታበት ጸጥ ያለ ክፍል ይመረጥ። ከሄዱ ጎን ያለው ሞላ የለበሰ ብሎን በጣም በዝግታ ይዞር፤ ሃይ ሃቱ ጥርት ብሎ የሚወጣበት አንድ ነጥብ አለ፣ ካለፉት እንደገና ይደበዝዛል። ከሩብ ዙር በላይ ካስፈለገ የተሳሳተ ብሎን ይዘናል። ካሴት ቁጥር 3 አዲስ ቅርፊት ስለገባ ከሌሎቹ የተለየ ቦታ ላይ ነው የገጠመው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጽ ለብቻ።

ዶልቢ ነው አይደለም?

ዶልቢ የክሩን ሽሽታ መቀነሻ ዘዴ ነው፤ በሱ መቀዳቱን አለመቀዳቱን ወረቀቱ አይናገርም። በዚያ ዘመን ቀጂዎች ይዘውት የሚገቡት እንደ ሶኒ ቲሲ 152 ኤስዲ ያለ የእጅ ቴፕ ዶልቢ ቢ ነበረው፣ ግን ሁሉም አይከፍቱትም። ዶልቢ ቢ ሲቀዳ ደካማውን ቀጭን ድምፅ እስከ 10 ዴሲቤል ከፍ ያደርጋል፣ ሲጫወት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ችግሩ ሲቀንስ መጠኑን የሚወስነው በሚያነበው ድምፅ ጥንካሬ ስለሆነ፣ ሄዱ ካልገጠመ ከሚገባው በላይ ይቆርጣል። ከዝንባሌው በፊት ዶልቢን መፈተን ስለዚህ ትርጉም የለውም።

ሁለቱንም ቀዳን፦ አንዴ ዝግ፣ አንዴ ክፍት። መዝገብ የሚሆነው ዝጉ ነው። በክፍቱ የተመልካቹ ጭብጨባ በየምቱ ሲተነፍስ ይሰማል፤ የተቀዳው ያለ ዶልቢ ነው ብለን ተስማማን።

ኤስኤ የክር ዓይነት 2 ስለሆነ የድምፅ ማመጣጠኛው በ70 ማይክሮሴኮንድ ነው መነበብ ያለበት። ዴኩ ይህን የሚያውቀው ካሴቱ ጀርባ ላይ ባለችው ተጨማሪ ቀዳዳ ነው። ለጋሹ ቅርፊት ዓይነት 1 ከሆነ ቀዳዳው የለውም፤ ዴኩ ሳይነግራችሁ ወደ 120 ይሄዳል፣ ቀጭኑ ድምፅም 4 ዴሲቤል ያህል ከፍ ብሎ ይገባል። ለጋሽ ሲገዛ ዓይነቱን ማየት!

መቅዳት

24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ፣ አንድ ገጽ አንድ ፋይል። 45 ደቂቃው 1.55 ጊጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ ስድስቱ ገጽ ከ9 ጊጋ በላይ። ሁሉንም በአንድ ፋይል ማሰር አያስኬድም፣ ተራ ዌቭ ፋይል 4 ጊጋ ላይ ያበቃል፣ በዚህ ጥራት 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ገደማ ነው።

ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ተስተካከለ። ከማይኩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ አጨብጫቢ አለ፤ እጁ ከባንዱ በላይ ይዘላል፣ ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ከሙዚቃው ሳይሆን ከእሱ ነው።

ፍጥነቱ

የሥራው አንኳር ይህ ነው።

የእጅ ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ ዘግይቶ የተቀዳ ክር በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ደግሞ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ገጽ 1 መነሻው ላይ 0.6 በመቶ ብቻ ነው የፈጠነው። ገጽ 2 መጨረሻ ላይ 2.4 በመቶ ደርሷል፤ ይህ 41 ሴንት (የሴሚቶን መቶኛ) ነው፣ ወደ ግማሽ ሴሚቶን የሚጠጋ። ገጽ 3 በድንገት ወደ 0.3 ይመለሳል። ቀጂው በዕረፍቱ ድንጋይ ቀይሯል ማለት ነው።

እንዴት ተለካ? ጊታር አይታመንም፣ በየዘፈኑ ይቃኛል፣ ሊሳሳትም ይችላል። ሳክስፎን ሲሞቅ ቃናው ይወጣል። ምስክር የሚሆነው የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች የዳኒ ፌዴሪቺ ሃሞንድ ኦርጋን ነው። የሃሞንድ ሞተር ከመብራቱ ድግግሞሽ ጋር እኩል የሚዞር በመሆኑ፣ አሜሪካ ውስጥ 60 ኸርዝ እስካለ ድረስ “ላ” የሚባለው ቃና 440 ኸርዝ ነው፤ ቃኚ እጁን አያስገባበትም። ኦርጋኑ ብቻውን ረዘም አድርጎ የያዘባቸው ቦታዎች ተፈልገው በየገጹ አራትና አምስት ነጥብ ተለካ። ሃርሞኒካው ሁለተኛ ምስክር ነው፣ ግን አንዳንድ ሠሪዎች ከ440 ትንሽ ከፍ አድርገው ስለሚቃኙት በራሱ አይፈርድም፤ የሚመዘነው በዚያው ዓመት በሬዲዮ ከተላለፉት ምሽቶች ጋር ተነጻጽሮ ነው።

ኦርጋን በሌለበት ቦታ የአዳራሹ የመብራት ጉምጉምታ አለ። በዘፈኖች መካከል ጸጥ ሲል የጊታር ማጉያዎቹ በ60ና በ120 ያጉመተምታሉ፤ ክሩ 2.4 በመቶ ከፈጠነ 61.4ና 122.9 ላይ ይታያሉ። ይህን ለማየት የ96 ኪሎ ኸርዙን ፋይል በቀጥታ መተንተን አይበጅም፤ በ65,536 ነጥብ እንኳ አንዱ እርከን 1.46 ኸርዝ ይሆናል፣ 60ን ከ61 አይለይም። አንድ ቅጂ ወደ 8 ኪሎ ኸርዝ ይውረድ፣ ከዚያ በዚያው 65,536 ይተንተን። እርከኑ 0.12 ኸርዝ ይሆናል፣ ስምንት ሴኮንድ ያህል ጸጥታ ግን ይፈልጋል።

የራሳችን ዴክ ጉምጉምታ የሚያደናግር መስሎ ነበር፣ ግን ሥራው አውሮፓ ስለሆነ የእኛ 50 ላይ ነው፣ የእነሱ 60፤ አይነካኩም። አዲስ አበባ የተቀዳ ካሴት አዲስ አበባ ሲተላለፍ ሁለቱም 50 ስለሚሆኑ በቅድሚያ ባዶ ካሴት አጫውቶ የዴኩን ድርሻ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማረሚያው ፍጥነትና ቃና አብረው የሚቀየሩበት መሆን አለበት። ቃናውን ትቶ ርዝመቱን ብቻ የሚስብ መሣሪያ ከበሮውን ያሻክረዋል። በድምፅ ማረሚያው ፕሮግራም በኦዳሲቲ “ታይም ትራክ” ላይ በተለኩት ነጥቦች መካከል ቀስ ብሎ የሚወርድ መስመር ተሠመረ። አንድ የሒሳብ ወጥመድ፦ 2.4 በመቶ የፈጠነ በ2.4 ሲቀነስ አይስተካከልም። ለ1.024 መካፈል ነው፣ ያ 2.34 በመቶ ቅነሳ ነው። በ45 ደቂቃ ላይ ልዩነቱ አንድ ሴኮንድ ተኩል ይሆናል፤ ለጆሮ ምንም አይደለም፣ ከሌላ ቅጂ ጋር ሲገጣጠም ግን ይለያያል።

ስንተኛ ቅጂ ነው?

ጉምጉምታውን ስናይ ሌላ ነገር ተገኘ። ገጽ 2 መጨረሻ ላይ ከ61.4 ሌላ 60.1 ላይ ለብቻው የቆመ ቀጭን ጫፍ አለ። በድንጋይ የሚሠራ ቴፕ የራሱ ጉምጉምታ የለውም፤ ይህ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ከመብራት ጋር በተያያዘ ዴክ ሲገለበጥ የገባ ነው። ሦስተኛ ጫፍ የለም። ስለዚህ በእጃችን ያለው ዋናው ካሴት ሳይሆን የዋናው አንደኛ ግልባጭ ነው።

ይህ በጣም ጥሩ ዜና ነው። በዚያን ጊዜ አድናቂ ለአድናቂ ባዶ ካሴትና የመልስ ቴምብር በፖስታ ይልክ ነበር፤ አንዱ ለአምስት፣ አምስቱ እያንዳንዳቸው ለሌላ አምስት። ግልባጭ ሲገለበጥ እያንዳንዱ የራሱን ሽሽታ ይጨምራል፣ የሄድ አለመግጠሙም ይደራረባል። አምስተኛና ስድስተኛ ትውልድ ላይ ቃላቱን መለየት ያዳግታል።

ከዚህ በፊት የተሰራጨ ቅጂ እንዳይሆን ደግሞ በቡድኑ መዝገብ ካሉት ጋር ተመሳከረ። ባንዱ በአንድ ምሽት አንድ ነው፣ ማይኩ አጠገብ ያሉት ሰዎች ግን ይለያያሉ። ያው አጨብጫቢ፣ ያው ፉጨት በያው ቦታ ከተሰማ ምንጩ አንድ ነው። የእኛ ሰውዬ እስካሁን በሌላ ቅጂ ላይ አልተገኘም።

የማይነካው

ሽሽታውን ማጽዳት አይታሰብም። ማጽጃው ሽሽታንና ሲምባልን አይለይም፤ ከኋላው የውኃ ውስጥ እንክብክብታ ይተዋል። በየጊዜው የተሻለ ማጽጃ ይመጣል፣ የዛሬው የበላውን ግን የነገው አይመልስም። በዚህ ላይ ቡድኑ ውስጥ ክርክር አለ፤ የማይነካው ፋይል እስከተቀመጠ ድረስ የፈለገ በራሱ ቅጂ ላይ ያሳምር።

ያ አጨብጫቢ በስርጭት ቅጂው ላይ፣ ሙዚቃው በሳሳባቸው ቦታዎች ብቻ፣ ምት በምት በእጅ ዝቅ ተደርጓል። አውቶማቲክ መጭመቂያ አልተደረገም፤ ከእጁ ጋር ባንዱንም ይጫነዋል።

ካሴት ሲገለበጥ የጠፉት ቦታዎች አሉ። ትልቁ ከገጽ 3 ወደ 4 ሲዞር ነው፣ ዘፈን መሀል። ለመሙላት የዚያው ምሽት ሌላ ቅጂ ያስፈልጋል፣ ፍጥነቱም አስቀድሞ መግጠም አለበት። ስለሌለ ድምፁ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሁለት ሴኮንድ ዝም፣ ይነሣል። ከሌላ ምሽት ቆርጦ መስፋት ማጭበርበር ነው፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

መቁረጥና መሰየም

የስርጭቱ ቅጂ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ ፍላክ (ድምፁ ምንም ሳይጎድል የሚያንስ ፋይል)። ቁርጡ በ588 ናሙና (አንድ የሲዲ ፍሬም) ብዜት ላይ ካልዋለ ሲዲ ላይ ሲጻፍ በየዘፈኑ መሀል ጠቅ ይላል። የመድረክ ንግግሩ የሚያስተዋውቀው ዘፈን መነሻ ላይ ይቀመጣል፤ በቀደመው ጅራት የሚያስቀምጡ አሉ፣ አንድ ዘፈን ብቻ መርጦ ለሚሰማ ግን ወሬው ያለ ዘፈኑ ይቀርበታል። ኤምፒ3 በየትኛውም ደረጃ አይገባም። ሌላ ቦታ ተጨምቆ የመጣ ፋይል በስፔክትረም 16 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ይታያል።

የፎልደር ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል፦ ፓሴይክ ቢሆን 1978-09-19። አሜሪካዊው ወር ያስቀድማል፣ አውሮፓዊው ቀን፤ ከእኛ ደግሞ አንዱ መስከረም 9 ቀን 1971 ብሎ ይጽፍና መዝገቡ ይታመሳል።

አብሮ የሚሄደው ጽሑፍ አሁን ያለበት ሁኔታ፦

ብሩስ ስፕሪንግስቲንና ኢ ስትሪት ባንድ፣ 1978፣ ቦታና ቀን አልተረጋገጠም
ምንጭ፦ ተመልካች፣ ማይክ አልታወቀም፣ የእጅ ቴፕ በባትሪ
ሐረግ፦ ዋና ካሴት → ግልባጭ 1 (ቲዲኬ ኤስኤ 90 × 3፣ ያለ ዶልቢ) → ባለ ሦስት ሄድ ዴክ፣ ዝንባሌ በየገጹ → 24/96 → የፍጥነት እርማት → 16/44.1 → ፍላክ
እርማት፦ ገጽ 1 እና 2 ከ0.6 እስከ 2.4 በመቶ በተንሸራታች፤ ገጽ 3 ከ0.3 ጀምሮ
ካሴት 3፦ ቅርፊት ተቀይሯል፣ መነሻ ተቀጥሏል
ክፍተት፦ ገጽ 3 ወደ 4፣ አልተሞላም
ማጽጃ፦ የለም። ጭብጨባ በእጅ ዝቅ ተደርጓል
አይሸጥም

የቁጥጥር ድምሩ ለእያንዳንዱ ፋይል ተሠርቶ በዚያው ፎልደር ገብቷል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ቢት ቢበላሽ የሚታወቀው በእሱ ነው።

የቀረው

ቀኑ። የከተማ ስም በግልጽ የተጠራበት ቦታ እስካሁን አልተሰማም፤ ገጽ 5 ላይ ሰላምታ የሚመስል ነገር አለ፣ አጨብጫቢው ይሸፍነዋል። በ1980 ድርብ አልበም ላይ የወጡ አንዳንድ ዘፈኖች በ1978 መድረክ ላይ አስቀድመው ይዘፈኑ ስለነበር፣ የትኞቹ እንዳሉና የትኞቹ እንደሌሉ ወሩን ያጠብባል፤ አሜሪካ ያሉት በዚያ ላይ ናቸው። ገጽ 4 የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ላይ የቀኙ ድምፅ ስለሚዋዥቅ ሄዱ ተጠርጎ እንደገና ይቀዳል። ካሴቶቹ እስከ መጨረሻው ተጠንጥነው፣ ቆመው፣ ከስፒከር ርቀው ይቀመጣሉ፤ በላያቸው እንዳይቀዳ የማጥፊያ ጆሮዎቻቸው ተሰብረዋል፤ ቀኑ እስኪለይ ድረስ ወደ ባለቤታቸው አይመለሱም።